ከሙለር ቤት የወጡት ልጆች ወዴት ሄዱ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ስለ ጆርጅ ሙለር ሰብከን ነበር። ታሪኩ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ሕፃናቱ ጠዋት በባዶ ገበታ ዙሪያ ይቆማሉ፣ ሙለር ገና ስላልመጣው ምግብ ያመሰግናል፣ ዳቦ ጋጋሪው በሩን ያንኳኳል፣ ቀጥሎም ጋሪው የተሰበረበት ወተት ሻጭ ይመጣል። ጉባኤው "አሜን" እያለ ሰማን። ከስብከቱ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች እንባቸውን እየጠረጉ እጃችንን ጨበጡን። እኛም ጥሩ አገልግሎት ነበር ብለን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሰኞ ጠዋት የግቢው ጥበቃ ቢሮ ገብቶ ቆመ። "መጋቢ፣ ቀደም ብዬ መንገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ወጣት በመዘምራኑ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያዎቹ መካከል ያድር ኖሯል። ጥበቃው አዝኖለት ዝም ብሏል። ልጁን እናውቀው ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙም በማይርቅ የሕፃናት ማሳደጊያ አድጎ፣ በየሳምንቱ ከሰንበት ትምህርት ክፍላችን የማይቀር ልጅ ነበር። 18 ዓመት ሲሞላው ከማሳደጊያው ወጣ። ስለ ሙለር ስንሰብክም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማን ነበር።

አስጠራነውና "ለምን አልነገርከንም?" አልነው። "መጋቢ፣ ምን ብዬ ልንገርዎት? ማሳደጊያ እያለሁ እንግዳም ጎብኚም ይጠይቀኝ ነበር። ከወጣሁ ወዲህ ለሁሉም ሰው ያለፈልኝ ነው የምመስለው" አለን።

ከዚያ በኋላ የሙለርን ሕይወት እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርን። በዚህ ጊዜ የፈለግነው ዳቦው እንዴት እንደመጣ አልነበረም፤ ልጆቹ አድገው በሩን ሲወጡ ምን እንደተደረገላቸው ነበር። ያገኘነውን እናካፍላችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ አገር አይደለም። በ1695 በጀርመን አገር፣ በሃለ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ግላውኻ ያገለግል የነበረው መጋቢ አውጉስት ሄርማን ፍራንከ በቤቱ ባስቀመጠው የድሆች ሣጥን ውስጥ 4 ታለርና 16 ግሮሽን አገኘ። ለእርሱ ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር። መጻሕፍት ገዛበትና የድሆችን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1698 ለትልቁ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ውሎ አድሮ በዚያ ግቢ ትምህርት ቤቶች፣ መድኃኒት ቤትና ማተሚያ ቤት ተጨመሩ። ሕንፃው ዛሬም ቆሞ ይገኛል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ፍራንከ ልጅነቱን ያሳለፈው በጎታ ከተማ ነው፤ አባቱ በመስፍን ኤርነስት ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ይኸው መስፍን በ1652 የአገራችንን ሰው አባ ጎርጎርዮስን በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎ ያስተናገደ ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የጻፈው የአማርኛ ሰዋስው የታተመውም በ1698፣ የሃለው ቤት መሠረት በተጣለበት ዓመት ነው። ከያዝነው ጉዳይ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ግን ስናነበው ደስ ስላለን ነው።

ሙለር የተወለደው በ1805 በፕሩስያ ነው። ወጣትነቱ የሚያኮራ አልነበረም። የአባቱን ገንዘብ ይሰርቅ ነበር፤ በ16 ዓመቱም ሆቴል አድሮ ሒሳቡን ሳይከፍል በመሄዱ ታስሯል። ሃለ የገባው የሥነ መለኮት ትምህርት ለመማር ነበር፤ በ1825 በአንድ አማኝ ቤት በተደረገ የጸሎት ስብሰባ ላይ ልቡ ተነካ። ከዚያ በኋላ ከአባቱ ገንዘብ መቀበል አቆመ። በዚያው ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ያደረው የት መሰላችሁ? ለድሆች የሥነ መለኮት ተማሪዎች በነፃ በሚሰጠው ማደሪያ፣ በፍራንከ ቤት ውስጥ ነው። ፍራንከ ከሞተ ወደ 100 ዓመት ሆኖት ነበር። በብሪስቶል 10 ሺህ ልጆችን ያሳደገው ሰው እርሱ ራሱ በወጣትነቱ የሌላ መጋቢ ጣሪያ ያስጠለለው ነበር። ይህን በአንድም ስብከታችን ላይ አንሥተነው አናውቅም።

በ1832 ሙለርና ባልንጀራው ሄንሪ ክሬክ ለአገልግሎት ወደ ብሪስቶል መጡ። ዓመቱ ኮሌራ ከተማዋን የመታበት ዓመት ነው፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በየመንገዱ ይታዩ ነበር። በ1835 መጨረሻ ላይ ሙለር በአንዲት እኅት ቤት የፍራንከን የሕይወት ታሪክ አግኝቶ አነበበ። ብዙም ሳይቆይ በመዝሙር 81 ቁጥር 10 ላይ ተመሥርቶ ቤት፣ ገንዘብና ሠራተኞች እንዲሰጡት መጸለይ ጀመረ። ቤቱም ገንዘቡም ሠራተኞቹም ተገኙ። የካቲት መጀመሪያ 1836 ማመልከቻ የሚቀበልበት ቀን ደረሰና በቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አልመጣም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ሁሉም ነገር ሲጸልይ ልጆች እንዲመጡ ግን ጸልዮ እንደማያውቅ ትዝ አለው። በዚያው ምሽት ጸለየ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 1836 በዊልሰን ጎዳና በተከራየው ቤት ሥራው ተጀመረ።

ልጆች ያልመጡበት ምክንያት አይገርምም። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አንድ ልጅ ስመ ጥር በሆኑ ማሳደጊያዎች ለመግባት የለጋሾችን ድምፅ ማግኘት ነበረበት። ባል የሞተባት እናት ወይም የሟች ዘመድ ከባለጸጋ ወደ ባለጸጋ እየዞረ ደጅ ይጠናል፤ ድምፅ ያልሞላለት ልጅ ይመለሳል። ሙለር ይህን ሁሉ አስቀረ። ድምፅ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የቤተ እምነት ጥያቄም የለም። እናትና አባቱ የሞቱበትና ረዳት የሌለው ልጅ በተራው ይገባል።

ይሁን እንጂ ከሥርዓቱ አንዱን ሳናነሣ ብናልፍ ለእውነት አልቆምንም። ሙለር የሚቀበለው ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበትን፣ ያውም በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደን ልጅ ብቻ ነበር። ያላገባች እናት የወለደችው ልጅ፣ ምንም ያህል ቢራብ፣ በአሽሊ ዳውን በር አይገባም። ሙለርን እንወድደዋለን፤ በዚህ ላይ ግን ከዘመኑ ሰዎች የተሻለ አላየም። ራብ የወላጆችን የጋብቻ ወረቀት አይጠይቅም። እኛም ብንሆን በየአጥቢያችን የምንረዳቸውን ልጆች ስንመርጥ "የእገሌ ልጅ፣ የዚያች የምናውቃት ሴት ልጅ" እያልን የምንዘልላቸው መኖራቸውን አንርሳ።

ሥራው እየሰፋ ሄደ። በዊልሰን ጎዳና ቤቶቹ አራት ደረሱ። በ1845 አንድ ጎረቤት የልጆቹ ጫጫታና የውኃ ፍሳሹ እንዳስቸገረ በደብዳቤ ገለጸ። ሙለር ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ጎረቤቱ እውነት አለው ብሎ ከከተማው ወጣ ባለው በአሽሊ ዳውን ኮረብታ መሬት ፈለገ። የመጀመሪያው ትልቅ ቤት በ1849 ለ300 ልጆች ተከፈተ፤ አምስተኛው በ1870 ሲከፈት ቦታው በአንድ ጊዜ ለ2,050 ልጆች የሚበቃ ሆነ። ሙለር በ92 ዓመቱ መጋቢት 10 ቀን 1898 ሲያርፍ 10,024 ልጆች በእጁ አልፈው ነበር። ጽሑፎቹን ያነበበ ሰው ተአምር ከሚያወራ ሰው ይልቅ የሒሳብ ሠራተኛ የጻፈው ሊመስለው ይችላል፤ ሽልንግና ፔንስ በየገጹ ተመዝግቧል። ለእኛ ይህ መንፈሳዊነቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ልጆቹ ሲወጡ ምን ይሆናሉ?

ወንዶቹ 14 ወይም 15 ዓመት ሲሞላቸው አንድ ሙያ ሊለማመዱ ወደ ባለሙያ ይሰጣሉ፤ እንጨት ሥራ፣ ጫማ ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ ሌላም። በዚያን ዘመን ሙያ መማር በነፃ አልነበረም፤ ወላጅ ለባለሙያው ገንዘብ ይከፍልና ውል ይፈራረማል። ወላጅ የሌለውን ልጅ ማን ይፈርምለታል? የሙለር ቤት ክፍያውን ይከፍል ነበር፤ ውሉንም ያስፈጽም ነበር። ልጁን የሚወስደው ባለሙያ እንዲሁ አይመረጥም፤ አማኝ እንዲሆን ይፈለግ ነበር፤ ልጁ ከባለሙያው ቤተሰብ ጋር ይበላል፣ ያድራል። ሴቶቹ እስከ 17 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆዩና በቤት ሠራተኝነት፣ አንዳንዶቹም በአስተማሪነት ይሰማራሉ። ሁሉም ሲወጡ ሙሉ ልብስ ተሰፍቶላቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው። ሙለርም ከሚወጣው ልጅ ጋር ተንበርክኮ ይጸልይ እንደነበር ይነገራል። ከወጡ በኋላ የሚጽፉት ደብዳቤና ከመጀመሪያ ደመወዛቸው የሚልኩት ስጦታ በየዓመቱ ዘገባ ውስጥ ይገባ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስም ያለው ይኸው ነው። በዘዳግም 15 ከቁጥር 12 እስከ 14 ያለውን አንብቡ። ስድስት ዓመት ያገለገለህን ሰው በሰባተኛው ዓመት አርነት ስታወጣው ባዶውን አትስደደው፤ ከመንጋህም ከአውድማህም ከመጥመቂያህም ለግሰው ይላል ሕጉ። እግዚአብሔር ሰውየው መውጣቱን ብቻ አላየም። ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ምን እንደሚበላም አስቦለታል።

የአሽሊ ዳውን ቤቶች ጉድለትም ነበረባቸው። በአንድ ግቢ 2,000 ልጅ፣ አንድ ዓይነት ልብስ፣ በደወል መነሣት፣ በደወል መተኛት። እንዲህ ያደገ ልጅ እንጀራ ከየት እንደሚገዛ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚቆጠብ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው እንዴት እንደሚታረቁ አያይም። ይህን ክፍተት ካዩት አንዱ ዶክተር ባርናርዶ ነው። ቶማስ ባርናርዶ በ1866 ከደብሊን ወደ ለንደን የመጣው ከሃድሰን ቴይለር ጋር ወደ ቻይና ለመሄድ ነበር፤ የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር ልጆች አስቀሩት። በ1870 በስቴፕኒ ለወንዶች ልጆች ቤት ከፈተ። አንድ ቀን ቦታ ሞልቷል ተብሎ የተመለሰ የ11 ዓመት ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ ውጭ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በባርናርዶ በር ላይ ማንም ችግረኛ ልጅ እንደማይመለስ የሚገልጽ ጽሑፍ ተሰቀለ። በ1876 ደግሞ በባርኪንግሳይድ ለልጃገረዶች መንደር ሠራ፤ ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ትናንሽ ቤቶች፣ በየቤቱም አንዲት "እናት"።

ባርናርዶ ግን መውጫው ላይ ተሰናከለ። በሩን ለሁሉ ከከፈተ በኋላ ቤቱ ሞላ፤ ለሚገባው ቦታ እንዲገኝ የሚወጣው ወዴት ይሂድ? መልሱ ካናዳ ሆነ። ከ1882 ጀምሮ ልጆችን በመርከብ እየጫነ ወደ ካናዳ እርሻዎች ላከ። ይህን ያደረገ እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች በጎ አድራጊዎችም፣ ብዙዎቹ ወንጌላውያን፣ ከእርሱ በፊትም ከእርሱ በኋላም አድርገውታል። በጠቅላላው ከ100,000 የሚበልጡ ልጆች ከብሪታንያ ወደ ካናዳ ተልከዋል። አንዳንዶቹ ደግ ቤተሰብ አጋጠማቸው። ሌሎቹ በጎተራ አድረው፣ ትምህርት ተከልክለው እንደ ጉልበት ሠራተኛ ተቆጠሩ። ብዙዎቹ ደግሞ እናት ወይም አባት በሕይወት ያላቸው ነበሩ። በየካቲት 2010 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ወደ ባሕር ማዶ ስለተላኩት ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከልጆቹ አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ አርፈዋል። ያላኳቸው ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ቀላል ይሆንልን ነበር። የላኳቸው ግን ጠዋትና ማታ የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው፤ ልጁ ከዓይን ሲርቅ የተሳካለት መሰላቸው።

በእንግሊዝ አገር የሙለርም የባርናርዶም ትልልቅ ቤቶች ቀርተዋል። የአሽሊ ዳውን ሕንፃዎች በ1958 ተሸጠው ልጆቹ ወደ ትናንሽ የቤተሰብ ቤቶች ተዛወሩ። ኃላፊነቱን መንግሥት ወሰደ፤ ሕጉ ግን መውጫውን በደንብ ለማየት ዘገየ። በ2000 የወጣው ሕግ ከእንክብካቤ ለሚወጣ ወጣት አማካሪ እንዲመደብለትና የወደፊት ዕቅድ እንዲጻፍለት አስገደደ፤ ድጋፉም ቆይቶ እስከ 25 ዓመት ተራዘመ። የ16ና የ17 ዓመት ወጣቶች ራሳቸውን መቻል እየተለማመዱ፣ ደጋፊ ሠራተኛ እየጎበኛቸው የሚኖሩበት ቤት አለ፤ "ሰፖርትድ አኮሞዴሽን" ይሉታል። እነዚህን ቤቶች የሚያካሂዱ ድርጅቶች በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኦፍስቴድ እንዲመዘገቡ የተገደዱት በጥቅምት 2023 ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በእነዚያ ቤቶች ከሚኖሩት መካከል ሰሃራንና ሜድትራንያንን ያለ ወላጅ ያቋረጡ የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆች አሉ፤ እሑድ እሑድ ወደ ሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ይመጣሉ። በዚያ የምታገለግሉ ወንድሞች፣ አማካሪው ሰኞ ስለ ባንክ ሒሳብ ያነጋግረው ይሆናል፤ በዓል ሲደርስ ዶሮ ወጥ ያለበት ቤት የሚጠራው ግን ማነው?

ወደ አገራችን እንመለስ። ከእኛ ቤተ እምነት ያልነበሩት ወ/ሮ አበበች ጎበና በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተጉዘው በረሃብ መካከል ያገኟቸውን ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በዚህም ምክንያት ቤታቸውንና ትዳራቸውን ተዉ። የመሠረቱት ድርጅት ልጆችን ከማሳደግ ጋር የእጅ ሙያ ማስተማርን የሥራው ክፍል አደረገ። እኛ ወንጌላውያን ምግብና ትምህርት በመስጠት አንታማም። ልጁ 18 ሲሞላው ግን የምስክር ወረቀት ሰጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ኬክ ቆርሰን እናሰናብታለን። በማግስቱ ልጁ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ቤት ሊከራይ ሲሄድ መታወቂያ አምጣ ይባላል። ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ተያዥ አምጣ ይባላል። ወላጅ ያለው ሰው አጎቱን ይዞ ይሄዳል። ከማሳደጊያ የወጣ ልጅ ማንን ይዞ ይሂድ? ዕቃ ክፍላችን ውስጥ ያገኘነው ወጣት በሁለት ቦታ ሥራ አግኝቶ፣ ሁለቱንም ተያዥ በማጣት ትቷቸው ነበር።

ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ስብሰባ አቀረብነው። ስብሰባው ቀላል አልነበረም። "ገንዘብ ይዞ ቢጠፋስ? የሚከፍለው ተያዡ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ልትቆም ነው?" ያሉ ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ጋሼ የምንላቸው አባት፣ ብዙ ሳይናገሩ የልጃቸውን ሰርቪስ ክፍል ሊሰጡትና በግላቸው ሊፈርሙለት ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን ዙሪያ በዓመቱ 18 የሚሞላቸውን ልጆች ስም ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምረን እንይዛለን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቤተሰብ እንፈልጋለን። ሁሉም አልተሳካም። አንዱ ልጅ ከተቀጠረበት ሱቅ ስልክ ይዞ ጠፋ፤ የፈረሙለት ወንድም ከኪሳቸው ከፈሉ፣ አንድ ዓመት ያህልም ሊያነጋግሩን አልፈለጉም። አንዲት ልጅ ከመደብንላት ቤተሰብ ጋር አልተስማማችም፤ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ልጅ ሳይሆን ሠራተኛ ፈልገው ነበር። ያንን ስናይ ካናዳ ትዝ አለን።

ያ ወጣት ዛሬ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ቢሮ መጥቶ "መጋቢ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት" አለን። ከእርሱ ጋር ያደገች እኅቱ፣ በሥጋ ባትወለደውም እኅቴ ነው የሚላት፣ በገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አግኝታለች። ተያዥ ሊሆንላት የደመወዝ ማረጋገጫውን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ደመወዙ አልበቃም፣ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ ብለውታል። ነገ ጠዋት አብረነው እንሄዳለን።